ዝንጉርጉሩ ሐረግ መቼ ይርበዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሐረግ የሌለበት ሳሎን ማግኘት ከባድ ነው። ቡፌ ላይ ይቀመጣል፣ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ይዞራል፣ በሚስማርና በክር እየተያዘ ግድግዳውን ይዞ እስከ ኮርኒሱ ይደርሳል። ባንክ ቤት አለ። ፀጉር ቤት አለ። ፋይል በተቆለለበት ቢሮ ውስጥም በሃይላንድ ውሃ ተነክሮ መስኮት ላይ ቆሟል። ብዙ ሰው ስሙን አይጠይቅም፤ "ሐረጉ" ብሎት ያልፋል። አበባ ሻጮች ፖቶስ ይሉታል። ገንዘብ ያመጣል ብለው የሚያምኑት ደግሞ መኒ ፕላንት።

እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ዝንጉርጉሩ ነው። አረንጓዴው ቅጠል ላይ ነጭ ወይም ቢጫ የተረጨበት፣ በተለይ ደግሞ ነጩ የሚያይልበት፣ ማርብል ኩዊን የሚሉት ዓይነት። ቤቴ ውስጥ ካሉት ሁሉ እሱን ነው እንግዳ የሚያየው። አይቶም ዝም አይልም። ስለ ውሃው ይጠይቀኛል፣ ስለ አፈሩ ይጠይቀኛል፣ ዞሮ ዞሮ ግን እዚሁ ይመጣል፦ "ማዳበሪያ ምን ትሰጪዋለሽ? የኔ አላድግ አለኝ።"

እኔም መልሼ "መስኮትሽ ወዴት ነው የሚያየው?" እላለሁ። ሰው ይናደዳል። ማዳበሪያ ጠይቆ ስለ መስኮት ሲመለስለት የተቀለደበት ይመስለዋል። ግን የምሬን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ማዳበሪያን ምግብ ብለን ከመጥራታችን ነው። ተክል ምግቡን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ከብርሃን፣ ከውሃና ከአየር። ማዳበሪያው ቅመምና ጨው ነው። ወጥ ያልተሠራበት ድስት ላይ በርበሬ ቢነሰነስ ማንም አይጠግብም፤ ድስቱ ያርራል እንጂ። ብርሃን የማያገኝ ሐረግ ማዳበሪያ ሲሰጠውም እንደዚያው ነው። ሥሩ የሚወስደውን ወስዶ የሚሠራበት ነገር ያጣል፣ የቀረው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

ዝንጉርጉሩ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ነጩ የቅጠል ክፍል ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውና ብርሃን የሚይዝለት ነገር፣ የለውም፤ ቢኖረውም እጅግ ትንሽ ነው። ምግብ አይሠራም። አረንጓዴው ክፍል ሠርቶ ለራሱም ለነጩም ያካፍላል። ግማሹ ነጭ የሆነ ቅጠል በግማሽ ጉልበት ነው የሚሠራው ማለት ነው። ስለዚህ ዝንጉርጉሩ ከአረንጓዴው ወንድሙ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ታሞ አይደለም፣ ተርቦም አይደለም። ቀስ ብሎ የሚያድግ ደግሞ ማዳበሪያም ቀስ ብሎ ነው የሚጨርሰው። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያስባል፦ "አላደገም፣ ስለዚህ ልጨምርለት።" በዚህ መንገድ የተቃጠለ ሐረግ ብዛት!

ስለ ማቃጠል ካነሳሁ የጎረቤቴን ሐረግ ልንገራችሁ። ከታች ፎቅ ያሉ እማማ ናቸው፤ እጃቸው የነካው ሁሉ የሚበቅልላቸው ሴት። አንድ ቀን ጠርተው አሳዩኝ። ቡናማው ነገር የጀመረው ከነጩ ጠርዝ ነው። አረንጓዴው ገና ደህና ነበር። ነጩ ዳር ዳሩን ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ በደረቀውና በደህናው መሃል ደግሞ ቀጭን ቢጫ መስመር አለ። የፖቱ ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፤ በጥፍር ስፍቀው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። አፈሩ ላይም ያው። ጨው ነው። "ኖራ ነው እንዴ የወጣበት?" አሉኝ እማማ። ሲጨምሩ፣ ሲጨምሩ የከረሙት ማዳበሪያ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ላይ ቀረ። አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ጭራሹንም ይነጠቃል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ይጠማል። መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ደካማው፣ ነጩ ነው።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። ፖቱን ሻወር ቤት ወይም በረንዳ ወስዶ፣ ከሥር በቀዳዳው እየፈሰሰ፣ የፖቱን ሦስትና አራት እጥፍ ውሃ ቀስ ብሎ ማሳለፍ። መጀመሪያ ላይኛውን ቅርፊት በማንኪያ ጠርጎ ማንሳት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቅንጦት ይመስላል፤ እኔ ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው የማደርገው፣ ከሥር ሳፋ አስቀምጬ። ያ ውሃ ለሽንት ቤት ይሆናል። ፖቱ ቀዳዳ ከሌለው ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም። ከሱቅ የሚገዛው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ የለውም። እዚያ ውስጥ በቀጥታ ተተክሎ ማዳበሪያ የሚሰጠው ሐረግ ዕድሜው አጭር ነው። ባይሆን ቀዳዳ ባለው ተራ ፕላስቲክ ተክሎ ሴራሚኩን ከላይ ማልበስ ይቻላል።

አሁን ወደ መስኮቱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ከውጭ በመጣ የማዳበሪያ ጠርሙስ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያነበበ ያውቀዋል። ባጭሩ፣ በጸደይና በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ስጡ፣ በክረምት አቁሙ ይላል። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩትም እንደዚያው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለእነሱ። የነሱ በጋ ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እህቴ ሚኒያፖሊስ ትኖራለች፤ እኔው በቆረጥኩላት ቁራጭ የጀመረች የሐረግ ወዳጅ ናት። እሷ ዘንድ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሰኔ ላይ ከ15 ሰዓት ያልፋል። ሐረጓ በክረምት ቢተኛ ምን ይገርማል? እኛ ጋ በዓመቱ አጭሩና ረጅሙ ቀን መሃል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የኛን ብርሃን የሚወስነው የቀኑ ርዝመት ሳይሆን ደመናው ነው።

ደመናው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ሰኔ ግም ይላል፣ ሐምሌ ይጨልማል፣ ነሐሴም ያው። ቀን በስድስት ሰዓት ሳሎን ውስጥ መብራት የምናበራበት ወቅት ነው። የጠርሙሱን ጀርባ አምኖ የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ሐረጉ ብርሃን ባጣበት ወር በየሁለት ሳምንቱ ማዳበሪያ ያፈስበታል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ያ ሐረግ ሊያድግ ሲነሳ "አሁን ጊዜው አልፏል" ብሎ ያቆምበታል። ተገላቢጦሽ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይገባዋል። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ተራው የሚደርሰው ያኔ ነው፤ ሲደርሰው ደግሞ ደመና ነው። ምስኪን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሐረግ ገዝተው፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ሰጥተው፣ የአንዷ ሲያምር የሌላዋ የሚቀጭጨው ለዚህ ነው። እጅ ጥሩ ነው፣ እጅ ክፉ ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በመሃላቸው ያለው ልዩነት ኮሪደሩ ነው።

በደቡቡ መስኮት በኩል አንድ ጥንቃቄ ብቻ። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነን፤ ፀሐያችን ትለበልባለች። ነጩ የቅጠል ክፍል ቀጥታ ፀሐይ አይችልም። ስስ መጋረጃ ይበቃዋል።

እናም እኔ ማዳበሪያ የምጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርሃን ቢኖርም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሐረጉ የመጣው ከሙቅ አገር ነው፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይለግማል። ስለዚህ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያኔ ቀነስ አደርጋለሁ። ከጥር እስከ ግንቦት ድረስ ደህና ይበላል። ሰኔ ሲገባ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ግን ይሄንንም እንደ ሕግ አትያዙት። የሐረጉን ጫፍ እዩ። የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ካለ፣ ያም ከቀን ወደ ቀን እየተፈታ ከሆነ፣ እየሠራ ነው፤ ማዳበሪያ ይጠቅመዋል። ጫፉ ከቆመ ምንም አትስጡት፤ የቆመበትን ምክንያት ፈልጉ።

መጠኑን በተመለከተ አጎቴን ማንሳት አለብኝ።

አጎቴ አድአ ውስጥ ጤፍ ያርሳሉ። ለሠርግ መጥተው እኔ ዘንድ አደሩ፤ ሐረጉን አዩት፣ ነጩን በጣታቸው ዳሰሱና "ይሄ ነገር ርቦታል" አሉ። ለገበሬ ዓይን ነጭና ቢጫ ቅጠል ማለት ዩሪያ ያነሰው ማሳ ነው። በሚቀጥለው ሲመጡ በፌስታል ቋጥረው ዩሪያ ይዘውልኝ መጡ። ነጭ፣ ክብ ክብ፣ የጨው ድንጋይ ፍርፋሪ የመሰለ። ፌስታሉ ሾልኮ እርጥበት ስለገባው ግማሹ ተጣብቋል።

"ይቺን አንድ ማንኪያ ጣል አድርጊበት፤ ከዚያ ታያለሽ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ለማሳው በሄክታር ስንት ነው የሚጥሉት?"

"ዱሮ ያስተማሩን 100 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ አንድ ኩንታል ዳፕ።"

ብዕር አወጣሁ። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። 100 ኪሎ ለዚያ ሲካፈል ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ይደርሳል። የኔ ፖት አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱ የካሬ ሜትር አንድ ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም። ድርሻው 0.2 ግራም አይደርስም ማለት ነው፤ ጥቂት ፍሬ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ደግሞ ወደ 4 ግራም ይመዝናል። "ጋሼ፣ ይሄ ማንኪያ እኮ ማሳዎ ላይ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ እንደ መጣል ነው" አልኳቸው።

ሳቁ። "እሱስ ጤፉን ያቃጥለዋል" አሉ። ቀጥለው የነገሩኝን ከየትኛውም ጠርሙስ ጀርባ አላገኘሁትም፤ "ደግሞም ደረቅ መሬት ላይ ዩሪያ አይጣልም። መሬቱ እርጥበት ሲይዝ ነው። አንቺ ዝናብ የለሽም፣ አስቀድመሽ አጠጪው።"

ልክ ናቸው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በገበያ ላይ ካሉት ደረቅ ማዳበሪያዎች ሁሉ ናይትሮጅን የታጨቀበት እሱ ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይለውጡትና መጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል። ማሳ ላይ ሰፊ መሬት አለ፣ ዝናብ አለ፣ ይበታተናል። አንድ ጭብጥ አፈር ያለበት ፖት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ሥሩን ያገኘዋል። ደረቅ ሥር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይብሳል። የትኛውንም ማዳበሪያ ከመስጠቴ በፊት ወይ በዋዜማው፣ ወይ ጠዋት ቀድሜ ውሃ አጠጣለሁ።

ዩሪያውን ጣልኩት ወይ? አልጣልኩትም። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ የሚበቃው ለ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ይሄ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም ትንሽ ያነሰ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ለቤት ውስጥ ቅጠል ልከኛ ነው። መጀመሪያ ለዚሁ በተለየ ብርጭቆ ውስጥ በትንሽ ውሃ አሟሟዋለሁ። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል፤ ብርጭቆው እጅ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ይሰማል። ልጆች ይሄን ይወዱታል። ከዚያ ጀሪካኑ ውስጥ ገልብጦ መነቅነቅ። ለሐረጉ ከሥር ጠብ እስኪል ድረስ ብቻ አጠጣለሁ፤ የተረፈው በረንዳ ላይ ላለው ጎመንና በሶብላ ነው። ጎመን ዩሪያ ነፍሱ ነው።

ዩሪያ ግን ናይትሮጅን ብቻ ነው። አፈሩ ላይ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከገባበት ሌላውን ከዚያ ያገኛል፤ ካልገባበት ግን ዩሪያ ብቻውን አይበቃም። የተሟላ የሚባለው፣ 20-20-20 የተጻፈበት የሚሟሟ ዱቄት የእርሻ ግብዓት ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ቁጥሮቹ በተራ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን ናቸው። ቅጠላቸው ለሚያምር የቤት ተክሎች የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲመክሩ የኖሩት ከ3 ለ1 ለ2 የተጠጋ ምጣኔ ነው፤ ፎስፈረሱ አነስ ያለበት። የሚገኘው 20-20-20 ከሆነም ችግር የለም፤ ከተጻፈው ግማሹን ብቻ መጠቀም። ነጩ ለሚበዛበት ሩቡ ይበቃል። ዕድገት ባለበት ወቅት በወር አንዴ። የኔ አንዳንዴ ከወርም ያልፋል፣ ምንም አልሆነም።

ዳፕን ግን ተዉት። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን፣ 46 በመቶ ደግሞ በፎስፌት መልክ የሚሰላ ፎስፈረስ ነው። "አበባ ያስወጣል" ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም ፎስፈረስ የበዛበት ነው። ሐረጉ ምን ሊያደርገው? ይሄ ተክል አበባ አያወጣም ማለት ይቻላል። አገሩ ታሂቲ አጠገብ ያለች ሞሬአ የምትባል ደሴት ናት። እዚያ ዛፍ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ በጣም ይሰፋል። ሳሎን ውስጥ ካየነው ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ነገር ግን አበባ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ይሄን በ2016 የወጣ ጥናት ከአንድ ዘረ መል ጉድለት ጋር አያይዞታል። ዘር የለውም ማለት ነው። በየቤታችን ያለው ሁሉ ከቁራጭ የመጣ ነው፤ ከአክስት ለእህት ልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት፣ በሃይላንድ ውሃ።

ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል። ሐረጉ ግን ይለውጣል፤ በዚህ ላይ የሚወራውም ብዙ ነው። "ናይትሮጅን ከሰጠሽው አረንጓዴ ይሆንብሻል" ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። የአዲሱ ቅጠል መልክ የሚወሰነው ጫፉ ላይ፣ ገና ሳይፈታ ነው። እዚያ ክሎሮፊል በደንብ የሚሠሩና የማይሠሩ ሴሎች ጎን ለጎን ይባዛሉ፤ የትኛው እንደበዛ ቅጠሉ ሲፈታ ይታያል። ማዳበሪያ የማይሠራውን ሴል ወደሚሠራ አይቀይረውም። የሚሠራውን ግን ያበረታዋል። ብርሃን ባነሰበት ቤት ናይትሮጅን ሲበዛ አረንጓዴው ያይላል፤ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ከወጣ ደግሞ በፍጥነት አድጎ ዝንጉርጉሩን ይቀድመዋል። ስለዚህ ነጩ እየጠፋ ከሆነ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ብርሃኑ ላይ ይሁን። ማዳበሪያውን ከዚያ በኋላ ነው የምጠይቀው። በተቃራኒው ደግሞ "ነጩን የሚያበዛ ማዳበሪያ" ብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። እንደዚያ የሚባል ነገር የለም።

መቁረጥ ግን ይሠራል። ቅርንጫፉን ወደ ኋላ እየተከተሉ ጥሩ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለበትን አንጓ መፈለግ፣ ከእሱ ትንሽ አለፍ ብሎ መቁረጥ። ቀጣዩ እምቡጥ ከዚያ አንጓ ስለሚወጣ መልኩን የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። ሙሉ ነጭ ቅጠል ብቻ የሚያወጣ ቅርንጫፍም ያጋጥማል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ራሱን አይመግብም፣ ቆርጠው ለብቻው ቢተክሉት ይሞታል። ከእናቱ ጋር እያለ ይቆይ።

ተራግፎ ክር ብቻ የቀረ ሐረግም አለ። ሜትር የሚያክል ራቁት ገመድ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ቅጠል። ሰው ማዳበሪያ ሲሰጠው ያ ራቁት ቦታ ቅጠል ያወጣ ይመስለዋል። አያወጣም። ቆርጦ፣ በየአንጓው ከፋፍሎ፣ ውሃ ውስጥ ሥር አስይዞ፣ እዚያው ፖት ላይ መልሶ መትከል ነው። ሥር እስኪይዝ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። በውሃ ውስጥ ለሁልጊዜ የሚኖር ከሆነ ግን ከአፈር የሚያገኘው ስለሌለ፣ ውሃው ሲቀየር ጠብታ የምታክል ያስፈልገዋል፤ ብትበዛ አልጌ አብቅላ ጠርሙሱን አረንጓዴ ታደርገዋለች።

ከኩሽና የሚመጣውን ማዳበሪያ በተመለከተ ባልናገር ይሻል ነበር፤ ዘመድ ያስቀይማል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ የጀበናው አተላ ሐረጉ ላይ ይደፋል። አተላው ውስጥ ናይትሮጅን አለ፣ ግን የታሰረ ነው፤ እስኪብላላ ድረስ ሐረጉ አያገኘውም። እስከዚያው ፖቱ ላይ ሻጋታ ይሠራል፣ ትናንሽ ትንኞች ይፈላሉ። ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ቢቆይ ግን ወርቅ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ነው፤ ለመሟሟት ዘመን ይፈጅበታል፣ ጉዳትም የለውም፣ ካማረባችሁ ተዉት። የሥጋ እጣቢ ግን፣ እባካችሁ፣ ሳሎን ውስጥ አይሆንም። ግቢ ላለው ጽጌረዳ ያድርገው። ፍግም ቢሆን ከተብላላ በኋላ ነው፤ ትኩሱ ያቃጥላል። አንድ ጆንያ ፍግ በርካሽ አገኘሁ ብሎ በዚያው ቀን ፖት የሚሞላ ሰው ሳይ ልቤ ይደማል።

አዲስ አፈር የተቀየረለት ሐረግ ወር ሁለት ወር ማዳበሪያ አይፈልግም። የታመመም አይፈልግም። የታችኛው ቅጠል አንድ በአንድ ወደ ቢጫ ሲሄድ ሰው ቶሎ ርሃብ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ግን በአብዛኛው ውሃ በዝቶበት ነው። ጣት አፈሩ ውስጥ ከትቶ ማየት ይቀድማል። ድመት ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል፤ ቅጠሉ ውስጥ መርፌ የሚመስሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስላሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

በዚህ ዓመት ከሐረጌ ላይ ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ወጥቶ ነበር። ቆርጬ ለግቢው ጥበቃ ሰጠኋቸው፤ በአሮጌ የቀለም ጣሳ ተከሉት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት መስኮታቸው ላይ። ማዳበሪያ የሚባል አይቶ አያውቅም። አሁን የጥበቃ ቤቷን በር ዞሮ ወደ ቆርቆሮው እየወጣ ነው። ባለፈው ሳልፍ "የኔ እህት፣ ያንቺስ ደህና ነው? ምነው ቀጨጨብሽ?" አሉኝ። አንድ ቀን ከፈለጉ ዝንጉርጉሩንም ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ ብያለሁ። "ይሄ ይበቃኛል" አሉ።